አቬንሲስ ለጎጃም መንገድ ትሆናለች? ማርቆስ ላይ አንዷን ልገዛ ነው፣ ምክራችሁን

የማርቆስ መምህር | ኅዳር 8

ሰላም ናችሁ ወገኖች፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

ለዓመታት ያጠራቀምኩትን ይዤ መኪና ፍለጋ ከወጣሁ ሁለት ወር አለፈኝ። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ከባለቤቴና ከሦስት ልጆቼ ጋር አምስት ነን። እናቴ ደጀን ናቸው፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ እጠይቃቸዋለሁ። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ አዲስ አበባ፣ አልፎ አልፎም ባህር ዳር እሄዳለሁ። ቪትዝ አየሁ፣ ለአምስት ሰው ጠበበችን። ኮሮላ አየሁ፣ ዋጋዋ ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ደላላ ቶዮታ አቬንሲስ አሳየኝ። እ.ኤ.አ. የ2004 ስሪት ናት። ባለ 1.8 ቤንዚን፣ ማንዋል፣ ብርማ ቀለም። ከዕድሜ እኩያዋ ኮሮላ ዋጋዋ በደንብ ይቀንሳል። ውስጧን ግን ብታዩት! ሦስቱም ልጆች ከኋላ ሳይገፋፉ ተቀመጡ። ሻንጣ ማስቀመጫው አንድ ኩንታል ጤፍ ገብቶበት ገና ቦታ ይተርፈዋል።

የሚያስጨንቀኝ አንድ ነገር ነው። ያማከርኩት ሰው ሁሉ «ምርቷ የቆመ መኪና ገዝተህ ዕቃ ከየት ልታመጣ ነው?» ይለኛል። ይህን ገንዘብ ሁለተኛ አላገኘውም። የምታውቋት ካላችሁ እውነቱን ንገሩኝ።


ኮሮላ ብቻ | ኅዳር 8

ወንድሜ፣ ትንሽ ታገስና ኮሮላ ግዛ። ደምበጫ ቆመህ ቢሆን ጅጋ፣ ያገኘኸው መካኒክ ዓይኑን ጨፍኖ ይሠራታል። ልሽጣት ስትል ደግሞ ውላ አታድርም። አቬንሲስ የረከሰችው ያለ ምክንያት አይደለም።


ዘይትና ውሃ (ባህር ዳር) | ኅዳር 8

መምህር፣ ሳትገዛ መጠየቅህ ደግ አደረግህ። እኔ ባህር ዳር ጋራዥ ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። እነዚህ መኪኖች በእጄ አልፈዋል። ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ።

አቬንሲስ የካሪና ኢ ምትክ ናት። ካሪናን ደግሞ የማያውቅ ሹፌር የለም። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1997 ካሪናን አቁሞ ይችን ተካ። የተሠራችው ጃፓን ሳይሆን እንግሊዝ አገር፣ በርናስተን ባለው የቶዮታ ፋብሪካ ነው። በዋናነት ለአውሮፓ ገበያ ስለወጣች ነው እኛ ጋ ስሟ ያልገነነው። ሦስት ትውልድ አላት፣ ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። የመጀመሪያው ከ1997 እስከ 2003፣ ሁለተኛው ከ2003 እስከ 2008፣ ሦስተኛው ከ2009 እስከ 2018። በ2018 ቆመች። የአውሮፓ ገዢ እንዲህ ያሉ ሰዳኖችን እየተወ ወደ ከፍ ከፍ ያሉት መኪኖች ዞሮ ነበር። ያው ፋብሪካ ዛሬ ኮሮላ ይሠራል።

ያንተዋ ሁለተኛው ትውልድ ናት። በፊትና በኋላ ጎማዋ መካከል ያለው ርቀት 2.70 ሜትር ነው። የዚያ ዘመን ኮሮላ 2.60 ነው። ልጆችህ ሳይገፋፉ የተቀመጡት በዚያች 10 ሳንቲም ነው። በ2003 አውሮፓ ውስጥ በተደረገላት የግጭት ፈተና አምስት ኮከብ አግኝታለች። ለሹፌሩ ጉልበት ሳይቀር ኤርባግ አላት።

አሁን ወደ ሞተሩ ልምጣ። እዚህ ላይ ዓይንህን ክፈት። «አቬንሲስ ጥሩ ናት» ወይም «መጥፎ ናት» የሚልህን ሰው አትስማ፣ የትኛው ሞተር እንደሆነ ካልነገረህ ምንም አልነገረህም። 1.6 እና 1.8 ቤንዚን አሉ። 2.0 እና 2.4 ቤንዚን አሉ። 2.0 እና 2.2 ናፍጣ አሉ። ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ጠባያቸው ለየቅል ነው።

ያንተው 1.8፣ መካኒኮች 1ዜድዜድ የምንለው፣ መሠረቱ ጥሩ ነው። ቺንጋ (የጎማ ቀበቶ) ሳይሆን ካቴና (የብረት ሰንሰለት) ስላለው በየጊዜው ቺንጋ ልቀይር አትልም። ነገር ግን አንድ የታወቀ ሕመም አለበት። ዘይት ይበላል። የፒስተኑ ዘይት መመለሻ ቀዳዳዎች ጥቂትና ጠባብ ናቸው። ዘይት ሳይቀየር ከቆየ ቀዳዳዎቹ በካርቦን ይደፈናሉ፣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ይጣበቃል፣ ዘይቱም ወደ ላይ አልፎ ይቃጠላል። ፋብሪካው ፒስተኑንና ፋሻውን ያሻሻለው በ2005 ገደማ ነው። የ2004 መኪና እንግዲህ ከድሮዎቹ ወገን ናት። ይህ ማለት አትግዛ ማለት አይደለም። ሳትፈትሽ አትግዛ ማለት ነው።


የቡሬ ልጅ | ኅዳር 9

መምህር፣ ጋሼ ያሉት ነገር በእኔ ደርሷል።

እንዳንተዋ የ2004፣ ባለ 1.8 ናት። ከገዛኋት አምስት ዓመት ሆኗታል። ሻጩ ወፍራም ዘይት ሞልቶ ነው ያስረከበኝ። ወፍራም ዘይት ቶሎ ስለማያልፍ ለጊዜው ይሸፍናል። ያኔ አላወቅኩም። በሁለተኛው ወር ከቡሬ ወደ ባህር ዳር ስወጣ፣ ዳንግላን አለፍ እንዳልኩ ኩርባ ላይ ቀይዋ የዘይት መብራት ብልጭ ብላ ጠፋች። ቀጥታ ላይ የለችም። ሌላ ኩርባ ላይ እንደገና ብልጭ አለች። ዳር ይዤ አቆምኩ። መለኪያ ዘንጉን ሳወጣው ጫፉ ደረቅ ነው። በነጭ ጨርቅ ጠረግኩት፣ ጨርቁ ላይ ጠብታ አልቀረም። ያን ቀን ሞተሩ ያልነከሰው በእግዚአብሔር ቸርነት ነው።

በኋላ ሞተሩ ወርዶ ተሠራ። የተሻሻለው ፒስተንና ፋሻ ገባለት። ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ዘንጉን አወጣለሁ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትር እቀይራለሁ። አሁን ከቅያሬ እስከ ቅያሬ የምጨምረው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ስለ መኪናዋ ከጠየቅከኝ እወዳታለሁ። ከቡሬ አዲስ አበባ ነድቼ ወገቤን አያመኝም። መሬት ትይዛለች። የማይመቸኝ ዝቅ ማለቷ ነው። ክረምት ላይ ወደ ገጠር ስገባ ሆዷ ጭቃ ይነካል።


ሶማሌ ተራ | ኅዳር 9

የደምበጫ ልጅ ነኝ፣ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ መለዋወጫ እሸጣለሁ። ስለ ዕቃ ልናገር።

ሰው ይመጣና «የአቬንሲስ ውሃ ፓምፕ አለህ?» ይላል። የሱቁ ልጅ መኪናዋን ስለማያውቃት «የለም» ይለዋል። ያው ሰው «የ1ዜድዜድ ሞተር» ብሎ ቢጠይቅ መደርደሪያው ላይ አለ። ምክንያቱም ያ ሞተር ኮሮላ 1.8 ላይም፣ የዚያ ዘመን ራቭ4 1.8 ላይም ገብቷል። ፊልትሮ፣ ካንዴላ፣ ኮይል፣ ውሃ ፓምፕ፣ ቴርሞስታት፣ ጋስኬት፣ ፋሻ፣ ሁሉም ይገኛል። የ1.6ቱም እንዲሁ ኮሮላ ላይ ያለ ሞተር ነው። የሞተሩን ስም ይዛችሁ ኑ፣ የመኪናዋን ስም እርሱት።

አሁን የማይገኘውን ልንገርህ። የፊት መብራት፣ የኋላ መብራት፣ ፓራውልት፣ የጎን መስታወት፣ በር፣ ኮፈን። እነዚህ የራሷ ብቻ ናቸው። ምርቷ መቆሙ የሚጎዳህ እዚህ ላይ ነው። አንዲት የተሰበረች መብራት ከዱባይ ወይም ከአውሮፓ በትእዛዝ ልትጠብቅ ትችላለህ። ስለዚህ ስትገዛ ከሞተሩ እኩል መብራቷንና ፓራውልቷን ተመልከት። የተሰነጠቀ መብራት ያላት ኮሮላ ላይ ብዙ አትከራከርም፣ አቬንሲስ ላይ ግን ተከራከር።

የእግር ዕቃዎቿም ከኮሮላ ይለያሉ። ጎሚኒ (በእግሩ ብረቶች መጋጠሚያ ያለው ጎማ) እና የመሪ ጫፍ ግን ብንፈልግ አናጣም።


ኮሮላ ብቻ | ኅዳር 9

ሶማሌ ተራ ያለው ትክክል ነው፣ የሞተሩን ነገር አላውቅም ነበር። የመሸጡ ጉዳይ ግን እንደ ቆመ ነው። ገዢ ስሟን ካላወቀ ይፈራል።


የማርቆስ መምህር | ኅዳር 9

ልሸጣት አልገዛም ወንድሜ። እስከምታረጅ ልይዛት ነው። ሁላችሁም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ጋሼ፣ እንግዲህ ምን ምኑን ልፈትሽ? ሻጩ «አንድ ቀን ነድተህ እይ» ብሎኛል፣ ጨዋ ሰው ይመስላል።


ሞጣ | ኅዳር 9

ይቅርታ ልግባና፣ ለምን ናፍጣውን አትፈልግም? የእኛ አገር ዳገት ነው። ናፍጣ ጉልበት አለው፣ ፍጆታውም ትንሽ ነው።


ዘይትና ውሃ (ባህር ዳር) | ኅዳር 10

መጀመሪያ ለሞጣው ወንድሜ ልመልስ። ስለ ጉልበቱ እውነትህን ነው። የመምህር 1.8 ባሕር ጠለል ላይ 129 የፈረስ ጉልበት አለው። አየሩ እየሳሳ ሲሄድ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ያጣል። ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። እዚያ ላይ የሚቀርህ 100 ገደማ ነው። ተርቦ ያለው ናፍጣ አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ይህን ያህል አይዳከምም።

ግን የአቬንሲስ ናፍጣ ሁለት ዓይነት ነው። እስከ 2006 ገደማ ያለው 2.0፣ 1ሲዲ የሚባለው፣ በቺንጋ ነው የሚሠራው። ቺንጋው በየ100,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ካልተቀየረ ተበጥሶ ቫልቭና ፒስተን ያጋጫል። ኢንጀክተሩና የግፊት መቆጣጠሪያው ንጹሕ ናፍጣ ይፈልጋሉ። ፍሪሲዮኑ የሚያርፍበት ቮላኖ ድርብ ስለሆነ ሲያልቅ ውድ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው 2.0 እና 2.2 ደግሞ በካቴና ነው፣ ነገር ግን በቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጋስኬቱ በኩል ብሎኩ እየተበላ ውሃ ይቀንሳል። ነገሩ አውሮፓ ውስጥ ብዙ ሰው ስላጋጠመው ቶዮታ ዋስትናውን አራዝሞ ነበር። ለእኛ የሚያራዝምልን የለም። እኔ ታናሽ ወንድሜ ቢጠይቀኝ ናፍጣዋን አላስገዛውም።

2.0 ቤንዚኑስ? ዲ4 የሚል ጽሑፍ ካየህበት ቤንዚኑ ቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ነው የሚረጨው። ቫልቩን የሚያጥብ ቤንዚን ስለሌለ ካርቦን ይጋገርበታል። ሌላም አለው። ቴስታታውን ከብሎኩ የሚያስሩት ብሎኖች፣ በተለይ ከኋላ በኩል ያሉት፣ የብሎኩን ጥርስ ይዘው ይነቀላሉ። ያኔ ውሃ ይጠፋል፣ መኪናዋ ትፈላለች። ይህም በብዙ አገር የታወቀ ነው።

ስለዚህ መምህር፣ ደላላው ያሳየህ ሞተር ከሁሉም የተሻለው ነው። አሁን አፈታተሹን ስማኝ።

ጠዋት ሻጩ ሳያስነሳት ድረስ። ኮፈኑን በእጅህ ንካ፣ ቀዝቃዛ ይሁን። ሙቅ ከሆነ አስነስቶ አሙቋታል ማለት ነው፣ ሌላ ቀን ተመለስ። ዘይቱን በዘንጉ ለካና የደረሰበትን በስልክህ ፎቶ አንሳ። የራዲያተር ውሃውንም እንዲሁ። የዘይት መሙያውን ክዳን ፍታና ገልብጠህ እይ። ቡናማ ስስ ዘይት ከሆነ ደግ ነው። እንደ ሬንጅ የጠቆረ ጥቅጥቅ ያለ ነገር ከተጋገረበት ዘይት ሳይቀየርላት ኖራለች። ዘይቱ ከማር የወፈረ ከመሰለህ የቡሬውን ልጅ አስታውስ።

ከዚያ ደጀን ድረስ ንዳትና ወደ አባይ በረሃ ውረድ።

ይህን የምልህ ለመንሸራሸር አይደለም። ከደጀን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ቁልቁለቱን በፎሌ (ማርሽ ሳታስገባ) አትውረድ። ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ማርሽ ይዘህ፣ ቤንዚን ሳትረግጥ ውረድ። በዚህ ጊዜ ሞተሩ ውስጥ ኃይለኛ መምጠጥ ይፈጠራል። ፋሻው ወይም የቫልቭ ጎማው የደከመ ከሆነ ያ መምጠጥ ዘይቱን ወደ ሲሊንደር ይስበዋል። ታች ደርሰህ መልሰህ ዳገቱን ስትጀምር ቤንዚኑን ረገጥ አድርግ። አንድ ሰው ከኋላ በሌላ መኪና ይከተልህ። በማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ቡፍ ካለ አይቶ ይነግርሃል። ቡፍ ብሎ ወዲያው ከጠራ ብዙውን ጊዜ የቫልቭ ጎማ ነው፣ ቀላል ነው። ዳገቱን ሁሉ እየጨሰ ከወጣ ፋሻ ነው።

ስትወጣ የሙቀት መለኪያዋን ተመልከት። መሐል ላይ ቆማ መቅረት አለባት። ንቅንቅ ካለች ራዲያተሩን ወይም ጋስኬቱን ጠርጥር። ማርቆስ ስትመለስ አሳድራት። ጠዋት ዘይትና ውሃውን እንደገና ለካና ከፎቶው ጋር አስተያይ። አባይ በረሃን የመሰለ መፈተሻ የትም ጋራዥ የለም።


ኮሶበር | ኅዳር 10

ሰላም ለሁላችሁ። ሦስተኛዋን ስላልጠቀሳችኋት ነው የገባሁት። የ2010 አቬንሲስ ነው የምነዳው፣ ባለ 1.8፣ ማንዋል። ነርስ ነኝ፣ የሌሊት ተረኛ ስሆን ሌላ መጓጓዣ ስለማይገኝ ያለ መኪና አልችልም። እዚህ እንጅባራ ዝናቡና ብርዱ እንደምታውቁት ነው።

የዚች ሞተር ከድሮው የተለየ ነው፣ የዘይት ችግር አላየሁባትም። ውስጧ ጸጥ ያለ ነው። የእጅ ፍሬኗ ግን የሚሳብ ሳይሆን በቁልፍ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ነው። ሲበላሽ የሚችለው መካኒክ ጥቂት ነው። የምትገዙ ሰዎች፣ ዳገት ላይ አቁሙና ያዟት፣ ልቀቋት። አምስት ስድስት ጊዜ ደጋግሙት። የሚሰነጠቅ ዓይነት ድምፅ ከሰማችሁ ወይም ዳሽቦርዱ ላይ መብራቱ ብልጭ ብልጭ ካለ ተጠንቀቁ። ኦቶማቲኳ ደግሞ ማርሽ የሌለው፣ በቀበቶ የሚሄድ ዓይነት ነው። የራሱ ዘይት አለው። የተለመደውን የካምቢዮ ዘይት የሚሞላ ጋራዥ አጋጥሞኛል፣ ለጓደኛዬ መኪና ሊያደርገው ሲል አስቆምኩት።

መምህር፣ የአንተዋ የእጅ ፍሬን በእጅ የሚሳብ ነው። እኔ በዚህ ቀናሁብህ።


ሊብሬ ይቅደም (ፍኖተ ሰላም) | ኅዳር 11

ስለ ሞተር ሁላችሁም ተናገራችሁ፣ ስለ ወረቀት ግን ማንም አልተነፈሰም። መኪናዋ ደህና ሆና ሊብሬዋ ከታመመ መኪና አልገዛህም መምህር።

ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር መኪናዋ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል አስተያይ። እንግሊዝ አገር የተሠራ ቶዮታ የሻንሲ ቁጥሩ በኤስ፣ ቢ እና 1 ይጀምራል። አቬንሲስ ተብላ በሌላ ከጀመረች ለምን ብለህ ጠይቅ። ሞተር የተቀየረላት ከሆነ ለውጡ በመንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ተመዝግቦ ሊብሬው ላይ መስፈሩን አረጋግጥ። ከዚያ እዚያው ጽሕፈት ቤት ሂድና ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እግድ እንደሌለባት አስጣራ። ቦሎዋ የዘንድሮ መሆኑን እይ።

ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሚስቱም ትፈርም። ካላገባ ያላገባ ማስረጃ ያምጣ። ውል የሚያጸድቀው ቢሮ ይህን ሳያይ አያልፍም፣ አንተም ሳታይ ቀብድ አትስጥ። በደላላ እጅ አንድ ብር አታሳልፍ። እኔ ቀብድ በሰው እጅ ልኬ ሦስት ወር ተመላልሻለሁ።


ሞጣ | ኅዳር 11

ጋሼ፣ ስለ ናፍጣው አመሰግናለሁ። እኔም ልገዛ ያሰብኩትን ትቻለሁ። ሌላ ጥያቄ ልጨምር። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ተከልክሏል። የኤሌክትሪክ መግዛት አይሻልም ትላላችሁ?


የማርቆስ መምህር | ኅዳር 11

አስቤበት ነበር። ከተማ ውስጥ ብቻ ብነዳ እሱን እመርጥ ነበር። ነገር ግን ደጀን፣ አዲስ አበባ፣ ባህር ዳር ነው መንገዴ። መሐል መንገድ ላይ የት ቻርጅ እንደማደርግ ሳሰላ ተውኩት። ደግሞም አገር ውስጥ ያሉት የነዳጅ መኪኖች ከእንግዲህ ብዙ የሚጨመርባቸው የለም። ያለውን ጠግኖ መያዝ ነው። ለዚህ ነው ይህን ያህል የምጨነቀው።

ቅዳሜ በሌሊት እነሳለሁ። የሥራ ባልደረባዬ በራሱ መኪና ሊከተለኝ ተስማምቷል።


የማርቆስ መምህር | ኅዳር 16

ደረስኩ። ሁሉንም በየተራ ልንገራችሁ።

ቅዳሜ 12 ሰዓት ሻጩ ቤት ደረስኩ። ኮፈኑ ላይ ጤዛ ነበር። በእጄ ስነካው በረዶ ነው። ዘንጉን አወጣሁ፣ ዘይቱ ከሁለቱ ምልክቶች ከላይኛው ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። ፎቶ አነሳሁ። ክዳኑን ገለበጥኩ፣ ውስጡ ቡናማ ነው፣ የተጋገረ ነገር የለውም። ቁልፉን ስጠመዝዝ የኤርባጉ መብራት በርቶ ጠፋ። ሞተሩ በመጀመሪያው ተነሳ። ትንሽ ካቴና የሚመስል ድምፅ ሰማሁ፣ ሁለት ሰከንድ ሳይሞላ ጠፋ።

ደጀን ደርሼ እናቴን ሳልሰማ ማለፍ አልሆነልኝም። ቡና ጠጥተን፣ «ወዴት ነው በጠዋቱ?» ሲሉኝ «አባይ ወርጄ ልመለስ ነው» አልኳቸው። ያለ ምክንያት አባይ የሚወርድ ሰው አይተው አያውቁም። መርቀው ሸኙኝ።

ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ ወረድኩ። እግሬን ከቤንዚኑ አነሳሁ። ፍሬን ብዙም አልነካሁም፣ ሞተሩ ራሱ ያዘኝ። ታች ሙቀቱ እንደ ምድጃ ነው። ድልድዩ ጋ ሳልደርስ ዳር ይዤ አዞርኩ። ቆም ብዬ አልቆየሁም። ዳገቱን ስጀምር ረገጥኩ። ባልደረባዬ ከኋላ እያየ ነው። ደጀን ስንደርስ ወርዶ «መጀመሪያ ላይ ስስ ሰማያዊ አየሁ፣ እንደ ሲጋራ ጭስ፣ ኩርባው ጋ ጠራ፣ ከዚያ በኋላ ምንም የለም» አለኝ። የሙቀት መለኪያዋ ከመሐል ንቅንቅ አላለችም። ጉልበቷ ግን ጋሼ እንዳሉት ነው። ከባድ መኪና ለመቅደም ሁለተኛ ማርሽ ፈለገች።

እሁድ ጠዋት ለካሁ። ውሃው እንደነበረ ነው። ዘይቱ ከፎቶው ጋር ሲተያይ የስንደዶ ያህል እንኳ አልወረደም።

ማርቆስ ያለ መካኒክ ከስር አየልኝ። የፊት እግር ጎሚኒዎች ሁለቱም አልቀዋል። ማግኔት ይዤ ቦዲዋን ዞርኩ። የግራ የኋላ በር ላይ ማግኔቱ አልያዘም፣ ስቱኮ አለበት። የቀኝ የፊት መብራቷ ከላይ በኩል ተሰንጥቋል። ሶማሌ ተራ ባትነግረኝ ኖሮ ልብ አልለውም ነበር።

በእነዚህ ሦስቱ 80 ሺህ ብር አስቀነስኩ። ሊብሬውን ከትራንስፖርት አጣርቻለሁ፣ ንጹሕ ነው። የሻንሲ ቁጥሩም በኤስ ቢ 1 ይጀምራል። ባለቤቱና ሚስቱ አብረው ፈረሙ። ትናንት ተረከብኩ። ልጆቼ መኪናዋ ውስጥ ካልተኛን ብለው አስቸገሩኝ።


ዘይትና ውሃ (ባህር ዳር) | ኅዳር 16

እንኳን ደስ ያለህ መምህር። ያ ስስ ጭስ የቫልቭ ጎማ ነው፣ አይቸኩልም። የካቴናውም ድምፅ በብርድ ከጠፋ አያስጨንቅህም፣ ከቆየ ግን አሳየኝ።

ሁለት ነገር አድርግ። ነገ የሻጩን ዘይት አስወግድና ራስህ ቆመህ አዲስ ዘይትና ፊልትሮ አስገባ። የኪሎ ሜትሩን ቁጥር ጻፍ። ከዚያ 1,000 ኪሎ ሜትር ስትነዳ ምን ያህል እንደጨመርክ ንገረኝ። እስከ ሩብ ሊትር ከሆነ በሰላም ንዳት። ግማሽ ሊትር ካለፈ ባህር ዳር ይዘሃት ና፣ ሞተሩ ሳይጎዳ ፋሻውን እንይ። ለዚህ ሞተር ሬትፊካ ገብቶ (ሲሊንደሩ ተፍቆ ሰፍቶ) ትልቅ ፒስተን የሚባል ነገር የለም፣ ሲሊንደሩ ከመፋቁ በፊት መድረስ ነው።


ኮሮላ ብቻ | ኅዳር 17

እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ። ማርቆስ ስመጣ አሳየኝ፣ የኋላ ወንበሯን ልሞክረው።


የማርቆስ መምህር | ጥር 4

ጋሼ፣ ቃሌን አልረሳሁም። ለገና ባህር ዳር ደርሰን ተመለስን፣ አምስታችንም ከነሻንጣችን። ዘይት ከቀየርኩ ወዲህ 1,040 ኪሎ ሜትር ነዳሁ። የጨመርኩት በአንድ ሻይ ብርጭቆ የሚለካ ነው፣ ሁለት ብርጭቆ አልሞላም። ጎሚኒዎቹ ተቀይረዋል፣ ጉብታ ስታልፍ የነበረው ኳኳታ ጠፍቷል።

የቀረኝ የቀኝ የፊት መብራት ነው። ስንጥቁ ውሃ ማስገባት ጀምሯል። ሶማሌ ተራ፣ ተገኘ?


ሶማሌ ተራ | ጥር 4

ከዱባይ የሚመጣ አንድ ዕቃ አለ፣ የ2006 ከሆነ ግን መልኩ ስለተቀየረ አይገጥምልህም። ከመብራቱ ጀርባ የተለጠፈውን ቁጥር ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ ሳይከፈል እናስተያያለን።